ፊቱን አይተህ አትጻፍ፤ ጠይቀው!

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። «ፊታቸው ላይ የሐዘን ምልክት አይታይም»፣ «ግንባሩን ቋጥሮ በቁጣ መለሰ»፣ «ዓይኗ ላይ ፍርሃት ይነበባል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ለአሳይመንት በምንጽፋቸው ፊቸሮች ውስጥ ስንት ጊዜ ገብተዋል? እኔ የክፍላችንን ልጆች ሥራ ሳነብ በየገጹ አገኛቸዋለሁ። በሬዲዮኑም በቴሌቪዥኑም ያው ነው። ታዲያ ሰውየው ሳይጠየቅ ማዘኑን ወይም መቆጣቱን በምን አወቅነው? «ፊቱ ይናገራላ!» ትሉኝ ይሆናል። የዛሬው ክርክሬ ከዚህች አጭር መልስ ጋር ነው።

በበኩሌ ፊት አይናገርም አልልም። ይናገራል። ግን የሚናገረውን የምንሰማው በገዛ አእምሯችን አስተርጓሚነት ነው፤ ይህ አስተርጓሚ ደግሞ በደንብ የሚችለው የለመደውን ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛ ያየውን ድርጊት ይጻፍ፤ የስሜቱን ስም ግን ባለቤቱን ጠይቆ ያስቀምጥ እላለሁ። ይህንን ያስተማረችኝ ተወልጄ ያደግሁባት ጋምቤላ ናት። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ነገ ሪፖርተር ሆናችሁ ትሄዱባት ይሆናልና ነገሩ ይመለከታችኋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ትንሽ ወደ ሳይንሱ ልግባ። ከማጅራታችን ከፍ ብሎ፣ ከራስ ቅላችን በስተኋላ ሴሬቤለም የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። ስሙ ላቲን ነው፤ «ትንሹ አንጎል» ማለት ነው። ክብደቱ ከመላው አንጎል አሥር በመቶ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ቆጠራ መሠረት የሰው አንጎል ካሉት 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች ውስጥ 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት እዚሁ ትንሹ አንጎል ውስጥ ነው። ከአምስት አራቱ እጅ መሆኑ ነው። «ትንሹ» የተባለው እንግዲህ በመጠኑ እንጂ በሥራው አይደለም።

ሃይስኩል በባዮሎጂ የተማርነው ሴሬቤለም ሚዛን ይጠብቃል ተብሎ ነው። ትክክል ነው። ጋምቤላ የመጣ ሰው ባሮ ወንዝ ዳር ቆሞ ይህንን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። አንዲት ልጅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በራሷ ተሸክማ፣ እጇን ሳታስነካ፣ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች ከወንዙ ወደ ሰፈር ትወጣለች። ጀሪካኑ ሊንጋደድ ሲል አንገቷ ቀድሞ ተስተካክሏል። ከተንጋደደ በኋላ ቢሆንማ ውሃው ፈስሶ ነበር! ሴሬቤለም የሚሠራው እንዲህ ነው። ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ ይገምታል፣ የመጣውን ከግምቱ ጋር ያስተያያል፣ ልዩነት ካገኘ ያርማል፣ እርማቱንም ለሚቀጥለው ጊዜ ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በሰከንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ነው። ጊዜን መጠበቅ ዋና ሙያው ነው ማለት ይቻላል።

ቆይቶ ግን ሐኪሞች ሌላ ነገር አስተዋሉ። ጄረሚ ሽማህማን የተባሉ የነርቭ ሐኪምና ባልደረባቸው ጃኔት ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ ሕመማቸው በሴሬቤለም ላይ ብቻ የሆነ 20 ሰዎችን ሁኔታ ገለጹ። ችግሩ መንገዳገድ ብቻ አልነበረም። አንዳንዶቹ ስሜታቸው ደብዝዟል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሁኔታው ጋር የማይሄድ ነገር ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ሴሬቤለም የሌላውን ሰው ስሜት በማወቅ ረገድስ ድርሻ አለው ወይ?» ወደሚል ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጣሊያን ተመራማሪዎች በጤነኛ ፈቃደኞች ሴሬቤለም ላይ ከራስ ቅል ውጪ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት አሳልፈው የሰዎችን ፊት ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። የተቆጣና ያዘነ ፊት በመለየት ላይ ለውጥ ታየ፤ ደስ ያለው ፊት ላይ ግን ለውጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ጣሊያን የተሠራ ሌላ ሙከራ በመግነጢስ ምት የሴሬቤለሙን ሥራ ለአፍታ ሲያደናቅፍ ሰዎቹ የፊትን ስሜት የመለየት ብቃታቸው ቀነሰ።

እዚህ ላይ ነገር እንዳላጋንን። ሴሬቤለም ብቻውን ፊት ያነባል የሚል የለም። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ ለማየት የሚያገለግለው ክፍልና ሌሎችም አብረው ይሠራሉ። ተመራማሪዎቹ የሚያቀርቡት ሐሳብ ሴሬቤለም ለእጅና ለእግር የሚሠራውን የመገመትና የማረም ሥራ ለሰው ፊትም ይሠራል የሚል ነው። እኔን የያዘኝ ይኸው ሐሳብ ነው። እውነት ከሆነ ፊት ማንበብ ፎቶ እንደማንሳት አይደለም ማለት ነው። እንደ ጀሪካን መሸከም በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ያቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለምዳዋለች። እኔና እናንተን ጀሪካኑን ቢያሸክሙን አሥር እርምጃ ሳንሄድ ውሃው ልብሳችን ላይ ነው።

ፊትንስ የተለማመድነው የት ነው? እናታችን ቤት፣ ጎረቤት፣ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት ነዋ! እንግዲህ ያልለመድነው ፊት ሲገጥመን ምን ይሆናል? ኤልፈንባይንና አምባዲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው ነበር። ሰዎች የየትኛውንም ሕዝብ ፊት ከግምት በላይ ይለያሉ፤ ግን የራሳቸውን ወገን ፊት የተሻለ ይለያሉ። አብረው የኖሩና ብዙ የተገናኙ ሕዝቦች መካከል ደግሞ ልዩነቱ ይጠብባል። ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ጋምቤላ ልመለስ። የክልሉ ነባር ሕዝቦች አኝዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ናቸው። በዚያ ላይ ከደጋው የመጣን «ደገኛ» የምንባል አለን። የእናቴ ቤተሰቦች በ1977 ዓ.ም የድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛው ሲመጣ አብዛኛው ሰው የሚያናግረው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ ካልሆነም በአስተርጓሚ ነው። ቃል ሲያንሰን ምን እናደርጋለን? ፊት ላይ እንንጠላጠላለን። የማናውቀው ፊት ላይ የበለጠ የምንተማመነው እንግዲህ ቋንቋውን በማናውቅበት ሰዓት ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ከግንባር ልነሳ። የኑዌር ወንዶች በባህላቸው ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ግንባራቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር ስድስት መስመር ይበጣሉ። በቋንቋቸው «ጋር» ይባላል፤ የአማርኛው «ከእኔ ጋር» እንዳይመስላችሁ፣ ድምፁ ገጥሞ ነው። ትርጉሙ ልጅነት አበቃ፣ ኃላፊነት መጣ ማለት ነው። አሁን አሁን ብዙ ወጣቶች ሳይበጡ ያድጋሉ፤ በትልልቆቹ ላይ ግን በግልጽ ይታያል። እስቲ አስቡት። ግንባር ማለት እኛ ቁጣና ጭንቀት የምናነብበት ቦታ ነው። «ግንባሩን ቋጠረ»፣ «ግንባሩ ተፈታ» እንላለን። በእንዲህ ዓይነት ንባብ ላደገ ዓይን ስድስት ቋሚ መስመር ያለው ግንባር ምን ይመስለዋል? ከደጋ አዲስ የመጡ ዘመዶቻችን ጋምቤላ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት «ሰውየው ለምንድን ነው የተቆጣው?» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰውየው አልተቆጡም። እንዲያውም «ማሌ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ነው። ከዓመት በኋላ እነዚያው ዘመዶቻችን ይህንን ጥያቄ አይጠይቁም። ግንባሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የእነሱ ግምት ነው።

አማርኛችንም ራሱ ነገር አለበት። ሰው ሲከፋው «ፊቱ ጠቆረ»፣ ደስ ሲለው «ፊቱ በራ»፣ ሲያፍር «ፊቱ ቀላ» እንላለን። አባባሎቹ ክፋት የላቸውም። ሆኖም ጋምቤላ ላይ የአንድን አኝዋ ሽማግሌ ፊት «ጠቁሮ» ብለህ ብትጽፍ አንባቢው ምን ይረዳ? መከፋታቸውን ነው ወይስ መልካቸውን? በመልኩ ምክንያት ብዙ የሰማ የጋምቤላ ልጅ ያንን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ደግሞም «ቀላ» የሚለው ምልክት ጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። ጋዜጠኛው የሚጠብቀውን ምልክት ሲያጣ «አላፈረም» ብሎ ይደመድማል። ያልታየው ግን ምልክቱ እንጂ ስሜቱ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ክረምት ላይ ከዲፓርትመንታችን የጋምቤላ ልጆች የሆንን ሦስት ተማሪዎች ለአሳይመንት ስለ ዓሣ ዋጋ ለመጻፍ ባሮ ዳር ወርደን ነበር። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ዓሣው ተወዷል። አንድ በዕድሜ የገፉ የኑዌር ዓሣ ነጋዴን አናገርን፤ ሰፈራችን ያለ ወጣት ያስተረጉምልን ነበር። ካንዱ ጓደኛችን ረቂቅ ላይ «አባባ ዋጋ ለምን ጨመሩ ስንላቸው ፊታቸውን ቋጥረው በቁጣ መለሱልን» የሚል ሰፍሯል። ያስተረጎመልን ልጅ ረቂቁን ሲያነብ በሳቅ ሞተ። «እሳቸው አልተቆጡም እኮ! ያምናና የዘንድሮውን ዋጋ በአማርኛ ቁጥር ሊነግሯችሁ በልባቸው እየደመሩ ነው» አለን። ሄደን ጠየቅናቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። «ሒሳብ ሲከብደኝ እንዲህ ነኝ» አሉ። ዓረፍተ ነገሩ ተሰርዞ በምትኩ ይሄው መልሳቸው ገባ። የፊቸሩ ምርጥ መስመር እሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በአስተርጓሚ የሚደረግ ቃለ መጠይቅን ልብ ብዬ መከታተል ጀመርኩ። ምን እንደሚሆን እዩልኝ። ጥያቄህን በአማርኛ ትጠይቃለህ። እናት ዝም ብለው ያዩሃል፤ ቋንቋው አይገባቸውማ። አስተርጓሚው ሲናገር ፊታቸው ይለወጣል፤ አንተ ግን በዚያች ሰዓት አስተርጓሚውን እያየህ ወይም ደብተርህ ላይ አቀርቅረህ ነው። እሳቸው ሲመልሱ የፊታቸው ለውጥ ከቃላቸው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አንተ ጋ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ትርጉሙን እየሰማህ ቀና ስትል ፊታቸው ሌላ ቦታ ሄዷል። ምናልባት «ይሄ ልጅ ያልኩትን በትክክል እየነገረልኝ ነው?» ብለው እያዳመጡ ነው። አንተም «ልጃቸው መሞቱን ሲነግሩን ፊታቸው አልተለወጠም» ብለህ ትጽፋለህ። ተለውጧል እኮ! ከአንድ ደቂቃ በፊት ተለውጧል፤ አንተ አላየኸውም። በሰከንድ ሽርፍራፊ ለሚሠራ አንጎል አንድ ደቂቃ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አስቡት። የአንዱን ዓረፍተ ነገር ፊት ከሌላው ዓረፍተ ነገር ጋር እያጋባን ነው።

«ይሄ ሁሉ ለዓሣ ዋጋ ነው?» የሚል ካለ ነገሩ ለዓሣ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ጅካዎና ላሬ ወረዳዎች ውስጥ በኑዌር መንደሮች ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወሰዱ። የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቆይቶም ከሕፃናቱ በየጊዜው የተመለሱ አሉ። እኔ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ጋዜጠኛ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ግን ሐዘን በየአገሩ አንድ ዓይነት ፊት የለውም። አንዷ እናት ደረቷን ትመታለች፤ ሌላዋ ድንጋይ ሆና ትቀመጣለች። ከእገታ የተመለሰ ሕፃን ካሜራ ሲያይ ሊስቅ ይችላል፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ ማን ያውቃል? «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው የራሳችን ተረት አይደል? ይህንን ተረት እየተረትን አድገን፣ ማይክ ስንይዝ ግን ጥርስን የልብ ምስክር አድርገን እንጽፋለን።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በፓጋክና በሌሎች በሮች ወደ ጋምቤላ ገብተዋል። ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ፣ ንጉኝየል የሚባሉት መጠለያዎች የተከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ስደተኛ እናት ታሪኳን ድንበር ላይ ለመዝጋቢው፣ ቀጥሎ ለጤና ባለሙያው፣ ቀጥሎ ለድርጅቶቹ ትናገራለች። ጋዜጠኛው የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ለስንተኛ ጊዜ በምትናገረው ታሪክ ላይ ፊቷ ባይንቀሳቀስ ይፈረድባታል? «ስሜት አልባ በሆነ ፊት» ብለን ብንጽፍስ አንባቢው ምን ይላል? «ውሸቷን ነው» ይላል። ሰው ሊረዳት ያሰበውን እጁን ይሰበስባል። አንድ ቅጽል ይህን ያህል ጉዳት አለው።

ሌላም አለ፤ እሱ ደግሞ የጋምቤላ የራሷ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። ወባ የማያውቀው ቤት የለም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት አልፎ አልፎ ሴሬቤለምን ይጎዳል። ስሪ ላንካ ውስጥ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 የ74 ሕሙማንን ታሪክ አሳትመው ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ ይንገዳገዱ ጀመር። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ ይሻላል። ሴሬቤለሙ የታወከ ሰው አረማመዱ ብቻ ሳይሆን ንግግሩም ሊጎተት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘ ሪፖርተር ምን ብሎ ይጽፋል? «የሰከረ» ነዋ! ሴሬቤለም ያለው የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚነበበውም አለው። ከፊቱ ጀርባ በሽታ ይሁን፣ ድካም ይሁን፣ ግዴለሽነት ይሁን ካልጠየቅነው በቀር አናውቅም።

መቼም ተቃዋሚ አይጠፋም። አንደኛው «ስሜትማ የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ ሳቅ ሳቅ ነው፣ ልቅሶ ልቅሶ ነው» ይላል። ይህ ትልቅ ሳይንሳዊ ክርክር ነው። ፖል ኤክማን የተባሉት አሜሪካዊ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄደው ከውጪው ዓለም ጋር ብዙ ያልተገናኙ የፎሬ ሰዎችን የፊት ፎቶግራፍ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1971 ውጤቱን ሲያሳትሙ መሠረታዊ ስሜቶች የትም አንድ ናቸው ብለው ተከራክረዋል። ግን በዚያው ጥናት የፎሬ ሰዎች የፈራን ፊት ከተገረመ ፊት መለየት አቅቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ናሚቢያ ውስጥ የሂምባ ሕዝቦች የፊት ፎቶግራፎችን በየወገኑ እንዲመድቡ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የመደቡት በስሜት ስም ሳይሆን በድርጊት ነው። «ደስ ያለው» ከማለት «የሚስቅ»፣ «የፈራ» ከማለት «የሚያይ» አሉ። እኔ ይሄን ሳነብ «እነዚህ ሰዎችማ ጥሩ ሪፖርተር ይወጣቸው ነበር» ነው ያልኩት። ያዩትን ተናገሩ፤ ያላዩትን አልጨመሩም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከክፍላችን ልጆች የሚመጣ ነው። «ፊት ካልገለጽንማ ፊቸሩ ደረቅ ይሆናል፤ መምህሩም ነጥብ ይቀንሱብናል» ይላሉ። ልክ ነው፣ ፊቸር ያለ ሰው ፊት አይሆንም። እኔም ፊት አይጻፍ አላልኩም። «እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንዙን እያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ» ብሎ መጻፍ «በጥልቅ ሐዘን ተውጠው» ከማለት የበለጠ ሥዕል አይሰጥም? የመጀመሪያውን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው። ሁለተኛውን ግን ጋምቤላን ሳይረግጥ ዶርሙ ውስጥ ተኝቶ የሚጽፈው ሞልቷል። እንግዲህ ደረቁ የትኛው ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ? የራሴን ሐሳብ ላቅርብ። በመጀመሪያ፣ አስተርጓሚ ሲኖር ዓይናችን ከሚናገረው ሰው ላይ አይነሳ። ድምፁን መቅረጫው ይይዝልናል፤ ፊቱን ግን ማንም አይይዝልንም። ደብተራችን ላይም «ስለ ልጁ ሲናገር ቀና አለ» ብለን በራሱ ቋንቋ በሚናገርበት ሰዓት ምልክት እናድርግ፤ ትርጉሙን ኋላ እናገናኘዋለን።

በሁለተኛ ደረጃ፣ እንጠይቅ። ሬሳ ባልወጣበት ቤት ማይክ ደቅኖ «ምን ተሰማዎት?» ማለትን አይደለም የምለው፤ በዚህች ጥያቄ አገር የሚስቅብን በምክንያት ነው። «እማማ፣ ያን ዕለት ማታ ምን አደረጉ?» ማለት ይቻላል። «ቅድም ይሄን ሲነግሩኝ ዝም አሉ፤ ምን አስበው ነው?» ማለት ይቻላል። ከመለያየታችን በፊትም «‹ተቆጥተዋል› ብዬ ብጽፍ ልክ ነው ወይ?» ብሎ ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የስምና የዕድሜን ትክክለኛነት እናረጋግጥ የለ? ስሜትስ ከዕድሜ ያንሳል?

በሦስተኛ ደረጃ፣ ዲፓርትመንታችን የአኝዋ፣ የኑዌርና የሌሎችም ብሔረሰቦች ተማሪዎች አሉት። ካፌ ስንቀመጥ ግን እኛ ከእኛ፣ እነሱ ከእነሱ ነን። የቡድን አሳይመንት ሲሰጥ መምህሮቻችን ቀላቅለው ቢመድቡን፣ ረቂቅም ከመግባቱ በፊት የሚጻፍለትን ሕዝብ በሚያውቅ ተማሪ ቢነበብ መልካም ነው። ኋላ እመለስባታለሁ ያልኳችሁ ነጥብ ይቺ ነበረች፤ ሰዎች ብዙ ሲገናኙ ፊት የማንበብ ልዩነታቸው ይጠብባል። አንጎላችን ለመታረም የተሠራ ነው። ግን የሚታረመው ስህተቱን የሚነግረው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው። ያ አስተርጓሚ ልጅ ረቂቁን ባያነብ ኖሮ ዓሣ ነጋዴው እስከ ዛሬ በወረቀት ላይ እንደተቆጡ ነበሩ።

ሴሬቤለም ያለማንም ትእዛዝ ይገምታል፤ እንዳይገምት ልንከለክለው አንችልም። ግምቱን እንደ ዜና ማተምና አለማተም ግን የእኛ ውሳኔ ነው። ሐሳቤን የምትቃወሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም መልሳችሁን ለማንበብ ዝግጁ ነኝ። ላውንጅ ውስጥ አግኝታችሁኝ ፊቴ የተኮሳተረ ከመሰላችሁም መጀመሪያ ጠይቁኝ፤ ምናልባት ፈተና ደርሶብኝ ይሆናል። ቸር ያሰንብተን!